ሰባቱ ያልነኩት ሣር

እሑድ፣ ኅዳር 4 ቀን 2015፣ ሞላሌ

ቴዎፍሎስ ዛሬ ብቻውን አልመጣም።

አራት ዓመት ሙሉ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ሱቄ የሚመጣው ብቻውን ነው። መዝጊያውን ገርበብ አድርገን፣ የባና፣ የመንዝ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ክምር ላይ ተቀምጠን «አምባ»ን እንከፍታለን። አምባ የኮምፒውተር የስልት ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ መንደር ይቆረቁራል፣ ያርሳል፣ በግ ያረባል፣ ይነግዳል፣ ሲመጡበት ይዋጋል። ጨዋታው ባለቤት የለውም። ኮዱ ለማንም ክፍት ስለሆነ ከየአገሩ የተሰባሰቡ ሰዎች በነጻ ያሻሽሉታል። ከሞላሌ እኛ ሁለታችን ብቻ ነን። ቴዎፍሎስ የኮምፒውተር መምህር ነው፣ ኮድ ይጽፋል። እኔ ባና ነጋዴ ነኝ፣ ሰው የሚደናቀፍበትን ቦታ አገኛለሁ። «ንግድ» የሚለው ቁልፍ ከላይ ግራ ጥግ ተነሥቶ ቀኝ አውራ ጣት ሥር የመጣው እኔ ጽፌ ነው። እጅ የማይደርስበት ዕቃ እንደማይሸጥ ለማወቅ ኮምፒውተር መማር አያስፈልግም።

ዛሬ ምሥራቅ የምትባል ልጅ አስከትሎ መጣ። በዓይን አውቃታለሁ። የሱቆቹን ታፔላ የምትጽፈው ናት፣ አገሯ ወደ ጓሳው፣ ወደ ሕዝቡ የጋራ ሣር ሜዳ፣ ጥግ ነው። መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ላይ በጣቷ ትሥላለች።

«ጋሼ፣ እስቲ ይህን በግ እየው» አለኝ ቴዎፍሎስ።

የአምባ በግ እስከ ዛሬ አራት እግር የተቀጠለበት ነጭ ነጥብ ነበር። የእሷ በግ ጸጉሩ የተንጨባረረ፣ ላቱ ጫፉ ላይ ሽቅብ የተቆለመመ የመንዝ በግ ነው።

«በግ ነው» አልኩ።

«በግ ነው ብቻ? የገበያ ደላላ ቢያየው እኮ ላቱን ይጨብጠዋል።»

ልጅቱ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። እሱም ሳቀ። ያን ሳቅ ከዚህ በፊት የሰማሁት እኔ በቀለድኩ ጊዜ ነው።


ኅዳር 9

ባና ሊወስዱ ሁለት ሰዎች ከዘመሮ መጡ። ሥራ በዛ።

ምሥራቅ ስድስት ሥዕሎች ወደ አምባ የውይይት ገጽ ላከች። ሃያ ሦስት ሰው መለሰላት። ከብራዚል ሳይቀር። እኔ በአራት ዓመት ስድሳ አንድ ሪፖርት ጽፌአለሁ። ብዙዎቹ ሥር ያለው መልስ «እናመሰግናለን፣ ተስተካክሏል» ነው።

ተስተካክሏል ማለት ይበቃል። ሥራ ነው እንጂ ሠርግ አይደለም።


ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ቴዎፍሎስ ለአንድ ባልደረባው ሲናገር ሰማሁ። «አምባ ዘንድሮ ነው ነፍስ የዘራው» ይላል።

ዘንድሮ።


እሑድ፣ ኅዳር 18

ባናው ክምር ላይ እነሱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እኔ በርጩማ አምጥቼ ፊት ለፊት ሆንኩ። ማያ ገጹን ከጀርባው እያየሁ።

አዲሶቹ ሥዕሎች ላይ ያለኝን ተናገርኩ። ሥዕልን ሰው የሚያየው ሊያደንቀው ብቻ አይደለም፣ ሊጠቀምበት ነው። የገብስ ማሳዋ ላይ እሸቱ ፍሬ በፍሬ ይታያል፣ ነገር ግን ትንሽ ስልክ ላይ ሲሆን ማሳውን ከመንገዱ መለየት ያስቸግራል። የድንጋይ ቤቷ ጣሪያ ከድንጋዩ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ነው። ጎተራው ሲጎድል ምልክት የለውም። ስምንት ነጥብ ቆጠርኩላት። ስምንቱም ትክክል ነበሩ፣ አሁንም እላለሁ።

ትከራከራለች ብዬ ነበር። ስምንቱንም ወረቀት ላይ ጻፈቻቸው። ሲሄዱ «ጋሽ በኃይሉ፣ እንዲህ ብሎ የሚነግረኝ ሰው አግኝቼ አላውቅም፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ።

ማታውኑ ሰባቱን አስተካክላ ላከች። ስምንተኛው የጎተራው ነው፤ እሱን እኔ ካሰብኩት በተሻለ መንገድ ሠራችው። ባዶ ሲሆን በሩ ላይ አይጥ ይቆማል።

ደብሪቱ ባለቤቴ አይጡን አይታ እስኪያስላት ሳቀች። «ይቺን ልጅ ከየት አመጣችኋት?» አለችኝ። እኔ አላመጣኋትም አልኳት።


ኅዳር 20

ዛሬ የላከችው የግጦሽ ሣር ነው። ጓሳ። እንዳለ ጓሳ፤ ችምችም ብሎ የቆመ፣ ጉልበት የሚያልፍ፣ ጫፉን ውርጭ የነካው። ነፋስ ሲመጣ አንድ ላይ ይተኛል።

ለረጅም ጊዜ አየሁት። አንድም ጉድለት አላገኘሁበትም።


ኅዳር 27

ሁለት ዜና።

አንደኛ፣ ከውጭ አገር ሆኖ ሥራውን የሚመራው አስተባባሪ የምሥራቅን ሥዕሎች ለአዲሱ እትም ሊቀበል ነው። አዲሱ እትም ጥር 25 ይዘጋል። ከዚያ በፊት ግን ጨዋታውን አይተው በማያውቁ ቢያንስ ዘጠኝ ሰዎች መፈተን አለበት። ሥዕሎቹ አንድ ላይ ያልፋሉ ወይም አንድ ላይ ይወድቃሉ።

ሁለተኛ፣ ደብረ ብርሃን ያለ አንድ የኅትመትና የንድፍ ሥራ ቤት ለምሥራቅ ደውሎላታል። በተለይ ሣሩን አይተው ነው። ሥራዋ በታወቀ ጨዋታ ላይ ታትሞ ከወጣ በየካቲት ይቀጥሯታል። ካልወጣ ሌላ ሰው አላቸው። ይህን ስትናገር ጣቷ ላይ የደረቀ ሰማያዊ ቀለም በጥፍሯ ትፍቅ ነበር።

«ፈተናውን ጋሼ ነው የሚያካሂደው» አለ ቴዎፍሎስ። «ሰው ማናገር እንደሱ የሚችል የለም። እኔ ብሄድ መምህር ስለሆንኩ አፍረው ሁሉም ትክክል ነው ይሉኛል።»

እሺ አልኩ። ለሱፍ ወደ መሐል ሜዳ መሄዴ አይቀርም።


ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 8፣ መሐል ሜዳ

መኪናው እስኪሞላ እጽፋለሁ። ሹፌሩ ገና አምስት ሰው ይጠብቃል። ደብሪቱ ከሱፉ ጆንያ አጠገብ ተቀምጣለች።

ሱፍ የምንረከብበት ግቢ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። የቴዎፍሎስን ታብሌት ይዤ ዘጠኙን አንድ በአንድ አስቀመጥኳቸው። በደንብ ነው የሠራሁት። ላንዱ አሮጌውን ሥዕል አስቀድሜ፣ ለሌላው አዲሱን። ለሁሉም አንድ ዓይነት ቃል፦ «እነዚህን በጎች ግጦሹ ላይ ያሰማሩልኝ።» አሮጌው ግጦሽ አረንጓዴ ካሬ ነው። ዘጠኙም ነኩት፣ በጎቹ ገቡ።

አዲሱ ላይ መጀመሪያ የመጡት አቶ ተክለጻድቅ ናቸው። ሰባ ያለፋቸው፣ በጉልምስናቸው ጓሳውን ይጠብቁ የነበሩ ሰው። ጣታቸውን ባናቸው ላይ ጠርገው አቀረቡና መስታወቱ ጋ ሊደርስ ሲል መለሱት።

«ይሄ ጓሳ ነው።»

«አዎን አባቴ።»

«ማን ከፈተው?»

«ጨዋታ ነው እኮ።»

«ጨዋታነቱንማ አየሁ። ማን ከፈተው ነው ያልኩህ።»

«አልተዘጋም።»

«እንዲህ ቁመት ያወጣው ሳይዘጋ ነው? ነጋዴነትህ ያስታውቃል።»

ግቢው ሳቀ። እዚህ አገር ጓሳው ለዓመታት ይዘጋል፤ የሚዘጋውም የሚከፍተውም ሕዝቡ ራሱ ተማክሮ ነው። በተዘጋ ጓሳ በግ ያስገባ ሰው ቅጣቱ ብቻ ሳይሆን ስሙም ይከተለዋል። ይህን ሞላሌ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ግን ማያ ገጽ ላይ ይመጣብኛል ብዬ አልጠበቅሁም።

ቀጥሎ አስካለ ማርያም የምትባል ሱፍ ይዛ የመጣች ሴት። አይታ ሳቀች። «እኔን ለማስቀጣት ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣኸው? በጎቼን ገደል ለገደል አውላቸዋለሁ እንጂ እዚያስ አላስገባም» አለችና ጣቷን እየጎተተች ካርታው ላይ ሌላ ሜዳ ትፈልግ ጀመር። ድንጋያማ ጥግ አግኝታ በጎቹን እዚያ አሰማራች። ምንም ሣር የለውም። ረክታ ታብሌቱን መለሰችልኝ።

ሁለት ጎረምሶች ብቻ አስገቡ። አንደኛው ሲነካው ከኋላው አንድ ሰው «ያባቱ ልጅ አይደል፤ እነሱም ጨለማ ለብሰው ነበር የሚያሰማሩት» አለ። ጎረምሳው ቀልቶ በጎቹን መልሶ ለማውጣት ታገለ። አቶ ተክለጻድቅ ግን አልሳቁም። «አትሳቁ። ዛሬ በሥዕል የገባ በግ ነገ በእግሩ ይገባል» አሉ።

ዘጠኝ ሰው። ሰባቱ አልነኩትም። በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ሰው አምባን እንዲህ ሲያምነው አላየሁም። ሥዕል ነው ብሎ የረሳው የለም፤ ሥዕል መሆኑን እያወቁ ነው የታዘዙለት።

መኪናው ሞላ።


ታኅሣሥ 9

ሪፖርቱን ላክሁ። ቅጹ ይጠይቃል፦ ስንት ሰው ተፈተነ? ዘጠኝ። በአሮጌው ሥዕል ስንቱ ተግባሩን ፈጸመ? ዘጠኙም። በአዲሱ? ሁለት።

ከዚያ «ምክንያት» የሚል ሣጥን አለ። ግዴታ አይደለም። ባዶ ተውኩት።

የጻፍኩት ቁጥር ሁሉ እውነት ነው። ማንም መጥቶ ሊቆጥረው ይችላል።


ታኅሣሥ 12

አስተባባሪው መለሰ። ሥዕሎቹ ያምራሉ፣ ግን ተጠቃሚው ግጦሹን ካላወቀው ማለፍ አይችሉም። እስከ ጥር 25 ሣሩ ተስተካክሎ ዳግም ከተፈተነ ጥሩ፤ ካልሆነ ለሚቀጥለው ዓመት።

ለእኔ ለብቻዬም ጽፏል። እንዲህ ያለ ንጹሕ ፈተና ብዙ ጊዜ አያገኙም። ከአሁን ጀምሮ የአጠቃቀም ፈተና ኃላፊ እንድሆን ይፈልጋሉ። ስሜ በኃላፊዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ሦስት ጊዜ ከፍቼ አየሁት።

ቴዎፍሎስ ደወለ። እንኳን ደስ አለህ ለማለት መስሎኝ ነበር። ስለ እሷ ነበር። አልቅሳለች።


እሑድ፣ ታኅሣሥ 16

ቴዎፍሎስ የተማሪዎቹን ፈተና ለማረም ቀረ። ምሥራቅ ብቻዋን መጣች። ቁጭ አላለችም።

«ጋሼ፣ ሰዎቹ ሣሩን ሲያዩ ምን አሉ?»

«ምንም።»

«ዝም አሉ?»

«ዝም አሉ።»

«ፊታቸውስ? ግራ የገባቸው ይመስላሉ ወይስ ጭራሽ አላዩትም?»

«ግራ የገባቸው ይመስላሉ» አልኩ።

ራሷን ነቀነቀች። «የሌላ አገር ሰው ቢሆን እሺ። ያገሬ ሰው እንኳ ካላወቀው እኔ ነኝ ያላየሁት። እዚያ አድጌ፣ አውቀዋለሁ ብዬ ነበር እኮ።»

ባና እንዳጥፍ ሆኜ ዞርኩ። ሃያ ዓመት ነግጃለሁ፤ ብል የነካውን ጥግ ወደ ውስጥ አጥፌ ሸጬ አላውቅም። ገዢው ካልጠየቀ ግን ፈልጌ አሳይቼ አላውቅም። ይህ ሌላ ነገር ነው። ጠይቃኛለች።


ታኅሣሥ 20

ሁለተኛ ሣር ላከች። አጭር አድርጋዋለች።


ታኅሣሥ 25

ሦስተኛ። ውርጩን አጥፍታዋለች። ቴዎፍሎስ «የመጀመሪያው ይሻል ነበር፣ ግን ፈተና ፈተና ነው» አለኝ። ምን ልበለው። ፈተና ፈተና ነው አልኩ።

ልጅቱ ታፔላ ለመጻፍ የተቀበለችውን ሥራ ለሌላ ሰው ሰጥታለች። ጊዜ እንዳይሻማባት ነው ይላሉ።


ጥር 3

ዛሬ ደብሪቱ ሽሮ ወጡን እያሞቀች ጠየቀችኝ። «ያን የሽማግሌውን ነገር ለምሥራቅ ነገርካት?»

«የትኛውን?»

«ማን ከፈተው ያሉህን ነዋ። መቼም ሳቋ አይቆምም ነበር።»

«ነግሬያታለሁ።»

«ምን አለች?»

«ሳቀች።»

ደብሪቱ አየችኝ። ወጡን ማማሰሏን ቀጠለች። ሃያ ዓመት አብራኝ ኖራለች፤ ደንበኛ ሲዋሽ ቀድሞ ያውቃል ብላ ትመካብኛለች። እሷ እኔን የምታውቅበትን ግን ተናግራ አታውቅም።


ጥር 12፣ ቃና ዘገሊላ

ታቦት ሸኝተን ስንመለስ ደብሪቱና ምሥራቅ መንገድ ላይ ተገናኙ። እኔ ከደብራችን መምህር ከገብረየሱስ ጋር አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ነበርኩ። መምህር ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ይነግሩኛል፤ አዎን፣ አዎን እላለሁ፤ ጆሮዬ ከፊት ነው።

«…ሽማግሌው ጣታቸውን አንሥተው…» ስትል ሰማኋት ደብሪቱን።

«ደብሪቱ» ብዬ ተጣራሁ። ሁለቱም ዞሩ። የምጠራበት ምክንያት አልነበረኝም። «ቁልፉ አንቺ ጋ ነው?» አልኩ። ቁልፉ ኪሴ ነበር፤ ስራመድ ሲያንቃጭል መምህር ገብረየሱስ ራሳቸው ሰምተውታል። ወደ ኪሴ አይተው ስለ ጣሪያው መናገር ተዉ።

ወሬው ተቋረጠ። ደብሪቱ አልቀጠለችውም። ለምን እንዳልቀጠለችው አልጠየቅኳትም።

ምሥራቅ ከስታለች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ይወርዳል። ቴዎፍሎስ ሲሄድም ሲመጣም ከጎኗ ነው። ከእኔ ጋር የተነጋገረው ስለ መብራት መጥፋት ነው።


ጥር 15

አራተኛ ሣር። ቢጫ። አልጻፍኩላትም።

አንድ ነገር ልጻፍ፣ ማንም አያነበውም። ሥዕሏ መጥፎ ቢሆን ኖሮ እረዳት ነበር። ስምንት ነጥብ ስቆጥርላት ደስ ብሎኝ ነው የቆጠርኩት። ዘጠነኛ ባጣሁ ቀን ነው ነገሩ የተበላሸው።


ቅዳሜ፣ ጥር 20

የሱቄ ታፔላ ደብዝዟል። ደብዝዞ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ምሥራቅን ጠርቼ እንድታድሰው አዘዝኳት። ሥራ ስለፈታች ነው። ቀኑን ሙሉ ከሱቁ በር በላይ መሰላል ላይ ዋለች፤ እኔ ከሥር ባና እሸጣለሁ። ከሰዓት በኋላ አንድ ገበሬ ቀና ብሎ «ልጄ፣ የሣልሽው ባና ይሞቃል» አላት። እውነትም ይሞቃል።

ቀለሙ እስኪደርቅ ወርዳ አምስተኛውን ሣር አሳየችኝ።

አረንጓዴ ካሬ ነው። ጠርዙ ላይ ጥቂት ጭረት ጨምራለች፣ ሌላው ያው አሮጌው ነው።

«ይሄን ያውቁታል፣ ጋሼ። ይሄን ማንም ያውቀዋል» አለችኝ። «ይፈትኑልኝና ይለቅ።»

«የደብረ ብርሃኖቹስ?»

«በዚያኛው ሣር ነበር የጠሩኝ። ይሄን ሲያዩ ይተዉኝ ይሆናል። ምን ላድርግ፤ ሰው የማያውቀውን ሥዬ አላስገድድ።»

ድምፅዋ ውስጥ ቅሬታ የለም። ቢኖር ይቀለኝ ነበር። ይህን አረንጓዴ ካሬ ብፈትነው ዘጠኙም ይነኩታል። ሪፖርቴ እንደገና እውነት ይሆናል። እሷም ስሟ ይወጣል፣ በዚያ ካሬ ላይ።

ስትሄድ ሱቁን ዘግቼ ሁለተኛ ሪፖርት ጻፍኩ። ሽማግሌው ያሉትን ቃል በቃል። አስካለ ማርያም በጎቹን ድንጋይ ላይ ማሰማራቷን። ጎረምሳው መቅላቱን። ሰባቱ ሥዕሉን ያልነኩት አብልጠው ስላወቁት መሆኑን። የመጀመሪያው ሣር መመለስ አለበት፣ ዝግ ግጦሽና ክፍት ግጦሽም በቁመት ይለዩ አልኩ።

ቅጹ ፈተናው የተደረገበትን ቀን ይጠይቃል። የዛሬን ጻፍኩ። ታኅሣሥ 8 ብዬ ብጽፍ እስካሁን የት ነበርክ ይሉኛል። በዳግመኛ ጥያቄ የተገኘ ነው ብዬ ጨመርኩ።


ጥር 23

ሥዕሎቹ አለፉ። ሁሉም፣ ከመጀመሪያው ሣር ጋር።

ከዚያም በላይ። አስተባባሪው ነገሩን በጣም ወደደው። ግጦሽ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ሕግ በአምባ ውስጥ ይገባል፤ በተዘጋ ግጦሽ በግ ያስገባ መንደር ስሙ ይጎድፋል፣ ጎረቤቶቹ አይነግዱትም። ቴዎፍሎስ ኮዱን ሦስት ቀን ሳይተኛ ሊጨርሰው ነው። በለውጦች ዝርዝር ላይ «የዝግ ግጦሽ ሕግ፣ ሐሳብ፦ በኃይሉ፤ ሥዕል፦ ምሥራቅ» ተብሎ ተጽፏል። በሪፖርቴ ሥር አርባ አንድ ሰው መልሷል።

አርባ አንድ። የእሷ ሃያ ሦስት ነበር። ይህን የቆጠርኩት መልሶቹን ሳነብ ነው እንጂ ብዬ አይደለም።

ቴዎፍሎስ ሱቁ ድረስ ሮጦ መጥቶ አቀፈኝ። «ጋሼ፣ አንተ ባትኖር ያቺ ልጅ ቀርታ ነበር» አለኝ። እንዲህ ካቀፈኝ ስንት ወር ሆነው።

ደብሪቱ ከውስጥ ሆና ሰማች። አልወጣችም።


ዓርብ፣ ጥር 26

ምሥራቅ ልትሰናበት መጣች። ሰኞ ደብረ ብርሃን ትገባለች። እናቷ የጠቀለለችላትን ቆሎ ለደብሪቱ አመጣች። ደብሪቱ ወደ ጓሮ ሄዳ ነበር፤ ሁለታችን ብቻ ነበርን።

ሪፖርቱን አንብባዋለች። «ሽማግሌውን እወዳቸዋለሁ፣ በመልክ አውቃቸዋለሁ መሰለኝ» አለች። ባናውን በእጇ እየዳሰሰች። «ጋሼ፣ ይህን ያሉት መቼ ነው?»

«እዚያው ተጽፏል።»

«ጥር 20 ይላል። ጥር 20 እኔ እዚህ በር ላይ መሰላል ላይ ነበርኩ። እርስዎ ሱቅ ነበሩ።»

ገበያ ላይ ዝም ያለ ሰው ዋጋ ይጨምራል። እዚህ አይሠራም።

«ታኅሣሥ 8» አልኩ።

ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ትቆጥር ነበር። ከታኅሣሥ 8 እስከ ጥር 20።

«ዝም አሉ ብለውኝ ነበር» አለች።

«ብዬሻለሁ።»

«እኔ እኮ ዓይኔን ነው የተጠራጠርኩት፣ ጋሼ። እርስዎን አይደለም። እርስዎን አንድ ቀን አልተጠራጠርኩም።» ቆሎውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። «ለእትዬ ደብሪቱ ይስጡልኝ። እንዲህ የሆነበትን ምክንያት ግን ባውቀው ደስ ይለኝ ነበር።»

ምክንያቱን ጠብቃ ቆመች። ሁለት ገዢዎች ገቡ። ወጣች። አንደኛው ባና አማርጦ «ይሄ ስንት ነው?» ሲለኝ ዋጋው ጠፋኝ።


እሑድ፣ ጥር 28

ከቅዳሴ መልስ ሪፖርቱን ከፈትኩ። አንዴ የተላከ ሪፖርት ሲስተካከል አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ለሁሉ ይታያል፤ እንዲህ እንዲሆን ከሁለት ዓመት በፊት የጠየቅሁት እኔ ነኝ፣ ሰው እንዳያጭበረብር።

ቀኑን ታኅሣሥ 8 አደረግኩ። «በዳግመኛ ጥያቄ የተገኘ» የሚለውን ሰረዝኩ። የሕጉ ሐሳብ የእኔ እንዳልሆነ፣ የአቶ ተክለጻድቅ እንደሆነ ጻፍኩ። ከዚያ ታኅሣሥ 9 ባዶ የተውኩትን ሣጥን፣ «ምክንያት» የሚለውን፣ ሞላሁት። «ሰዎቹ ሥዕሉን አውቀውታል። እኔ ይህን እያወቅሁ አርባ ሁለት ቀን ደበቅኩ። ሥዕሉ ከእኔ ሥራ ሁሉ ስለበለጠብኝ ነው።» ሌላ ምክንያት ለመጨመር ፈልጌ ነበር። ሌላ የለም።

ደብሪቱ ከጀርባዬ ቆማ አነበበችው። «አሁን ላከው» አለች። ላክሁት።

ይህን ስጽፍ ቴዎፍሎስ ደወለ። አላነሣሁም። ደግሞ ደወለ። ደብሪቱ ስልኩን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችውና ወደ ውስጥ ገባች።

ሦስተኛ ጊዜ እየደወለ ነው። ላንሣው።